የሞርዌና ሦስተኛ ሰረዝ

ሻምበል ክሬስዌል ያቺን ቀልዱን እንዲተዋት ስድስት ዓመት ሙሉ ለምኜዋለሁ። ሰው አይሰማም። ማዕረግ የሚጨመርለት ካዴት ሲኖር እንደ ሰው ስሙን ጠርቶ መስጠት አይሆንለትም። መጀመሪያ ፊቱን አኮሳትሮ በሰልፉ ፊት «አንተ፣ የደንብ ልብስህ ጎድሏል፣ ውጣ!» ብሎ ይጮኻል። ልጁ ክው ይላል። ከዚያ ሻምበል አዲሱን የማዕረግ ምልክት ከኪሱ መዘዝ አድርጎ «የጎደለህ ይሄ ነው» ይላል፣ ወላጆች ያጨበጭባሉ፣ እሱም በራሱ ቀልድ ከሁሉም በላይ ይስቃል። ዛሬ ቀልዱን የማያውቅ ካዴት የለም። እሱ ግን አሁንም ምስጢር ይመስለዋል።

እኔ ቀን ቀን አውቶቡስ ነጂ ነኝ። ሰኞና ሐሙስ አመሻሽ ላይ ደግሞ ከወደቡ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ አዳራሻችን የአየር ካዴቶቹ፣ እንደ ወታደር ሰልፍና ሥርዓት የሚማሩ የሰፈር ልጆች ናቸው፣ ባሻ ነኝ፤ ሰልፍ አስተምራለሁ፣ ጫማ እፈትሻለሁ፣ እቆጣለሁ። ደመወዝ የለውም። ባለቤቴ «ዴንዚል፣ በነጻ ለመቆጣት እዚህ ቤት ምን አነሰህ?» ትለኛለች።

ያን ሐሙስ ማዕረግ የሚጨመርላት አስር አለቃ ሞርዌና ትረጊር ነበረች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። የሃምሳ አለቃ ቦታ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ሁለቱንም ጊዜ አልፏታል፤ ለምን ቢሉ፣ ጥፋት ሁሉ የሷ ይሆናል። ሬዲዮ ተሰበረ፣ «እኔ ነኝ።» ድንኳኑ ካምፕ ተረሳ፣ «እኔ ነኝ።» ያጠፉት ትናንሾቹ እንደሆኑ እኔም አውቃለሁ፣ ሻምበልም ያውቃል፣ መዝገብ ላይ የሰፈረው ግን የሷ ስም ነው። «አንቺ ልጅ፣ የሰው ጥፋት መሸከሚያ አደረጉሽ እኮ» ስላት «ልጆች ናቸው፣ ባሻ» ትለኛለች። ታናድዳለች።

ሦስተኛው ቦታ ሲከፈት ሻምበልን ሦስት ሳምንት ነዘነዝኩት። በመጨረሻ እሺ አለ። ለሷ መንገር ግን ክልክል ነው፣ ቀልዱ ይበላሻላ።

በዕለቱ ትልቅ ቦርሳ ይዛ መጣችና በሩ ሥር አስቀመጠችው።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኳት።

«ትርፍ የደንብ ልብሴ ነው፣ ባሻ። ታጥቦ ተተኩሷል። ዛሬም ካለፈኝ አስረክቤ እሄዳለሁ። የመልቀቂያ ደብዳቤዬም ውስጡ አለ።»

«አትቸኩይ።»

«አራት ዓመት ሙሉ ነው የመጣሁት። ይሄ መቸኮል ነው?»

ነገሩ ምላሴ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። ሻምበልን በልቤ እየሰደብኩ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ቀኑ አዲሶቹ ልጆች ቃል የሚገቡበትም ነበር። ሰልፉ ሊጀመር አሥር ደቂቃ ሲቀረው ከነሱ አንዷ፣ ኬረንዛ የምትባል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነጭ የስፖርት ጫማ አድርጋ ከች አለች። የደንቡ ጥቁር ጫማ ጠቧታል፤ የዚህች ልጅ እግር በየሳምንቱ ነው የሚያድገው። ዓሣ አጥማጅ አባቷ ለዚሁ ብሎ ከጀልባ በጊዜ ወርዶ፣ የጎማ ቦቱን እንኳ ሳያወልቅ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«በዚህ ጫማ እኔ ሰልፍ ውስጥ አትቆሚም» አልኳት።

«ባሻ፣ አባቴ እኮ...»

«አባትሽ ጫማ ሲኖርሽ ይመጣል። ከሰልፉ ውጪ።»

ልጅቷ እያለቀሰች ወደ ዕቃ ክፍሉ ሄደች። ሞርዌናም ተከትላት ገባች። እኔ ሌላ ልጅ ስቆጣ ከዚያ ወዲያ የሆነውን አላየሁም። ጥቂት ቆይቶ ኬረንዛ እንደ መስታወት የሚያበራ ጥቁር ጫማ አድርጋ ፊተኛው ረድፍ ላይ ቆማለች። አየህ፣ ሲቆጧቸው ጫማ ይገኛል፣ አልኩ ለራሴ። እንዲህ ያልኩ ጅል ነኝ።

አዲሶቹ ቃል ገቡ። የኬረንዛ አባት ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ከዚያ ሻምበል ጉሮሮውን ጠረገ፣ ፊቱንም አኮሳተረ።

«አስር አለቃ ትረጊር! የደንብ ልብስሽ ጎድሏል። ወደ ፊት ውጪ!»

ካዴቶቹ ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ያዙ። ሞርዌና ግን፣ የአስር አለቃ ቦታ ከሰልፉ በስተኋላ ነው፣ ከዚያ አልተነቃነቀችም። ሻምበል ደገመላት። ወጣች። በየእርምጃዋ ወለሉ ሲጥ ሲጥ ይላል። ነጭ የስፖርት ጫማ፣ ጎኑ ላይ ሮዝ ኮከብ ያለበት።

ሻምበል እጁ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ስድስት ዓመት ሲቀልድ አንድም ቀን እውነት ሆኖበት አያውቅም።

«ጫማሽ የት አለ?»

«አላደረግኩትም ጌታዬ።»

«ለምን?»

«ጥፋቱ የኔ ነው ጌታዬ።»

ይኸው፣ ደሞ ጀመረች። ሻምበል ባዶ እጁን ከኪሱ አወጣ። ደንብ የሚወድ ሰው ነው፤ በወላጆች ፊት ነጭ ጫማ ያደረገች ልጅ ላይ ማዕረግ መጨመር አይሆንለትም።

«እንግዲህ... ሌላ ጊዜ እናያለን» አለ ቀስ ብሎ።

ሞርዌና ወደ በሩ፣ ወደ ቦርሳዋ ተመለከተች።

ይሄኔ ኬረንዛ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች። ማሰሪያው አልፈታ አላት። ያኔ ነው የገባኝ። ሻምበልን ሦስት ሳምንት የነዘነዝኩት እኔ፣ ማንም አላየላትም ብዬ የተንገበገብኩት እኔ፣ ነገሩን ያበላሸሁባትም እኔው።

«ተዪው ልጄ፣ ቀጥ ብለሽ ቁሚ» አልኳትና ወደ ፊት ወጣሁ። «ሻምበል፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ኬረንዛን አባቷ ቁጭ ብሎ እያየ ከሰልፍ ያባረርኳት እኔ ነኝ። አስር አለቃዋ የራሷን ጫማ አውልቃ አደረገችላት። የኋላውን ረድፍ ደግሞ አልፈተሽኩም።»

ከኋላ የኬረንዛ አባት «እኔም በጎማ ቦት ነው የመጣሁት፣ ልውጣ እንዴ?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሻምበል ብቻ አልሳቀም። ነጩን ጫማ ብዙ ካየ በኋላ ባለ ሦስት ሰረዙን ማዕረግ አውጥቶ ለኔ ሰጠኝ።

«አንተ አድርግላት» አለኝ።

ባለ ሁለቱን ከትከሻዋ አውልቄ አዲሱን አስገባሁላት።

«ቦርሳሽን ይዘሽ ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ፣ ገባሽ?» አልኳት በሹክሹክታ።

ፊት ለፊቷን እያየች መለሰችልኝ። «እስከ ሰኞ ለኬረንዛ ልኳ የሆነ ጫማ ይፈልጉላት፣ ባሻ። ስለጮኹባትም ይቅርታ ይጠይቋት። አባቷ ሳይሄድ።»

በዚህ አዳራሽ ሃያ ሁለት ዓመት ሳዝዝ ነው የኖርኩት።

«እሺ፣ ሃምሳ አለቃ» አልኳት።