ከአራሷ አልጋ ሥር

ደሳለ ከግልገሉ ጭንቅላት አጠገብ ቆሞ ሲሳደብ ከገነተ ማርያም በላይ ያለው ተዳፋት ሁሉ ሰማው። ከግልገሉ የተረፈው ጭንቅላቱ ብቻ ነበር፤ ጭንቅላቱና በጌሾው ሥር የተጎተተ የደም መስመር። በአንድ ወር ውስጥ ሦስተኛው ግልገል ነው። ከዚያ በፊት ስድስት ዶሮ ሄዷል፤ ከዶሮዎቹም በፊት የጎረቤቱ የእንግዳው ሁለት ጠቦቶች። ቀበሮዋ ደግሞ ዓይን አውጣ ናት፤ ሩቅ አልሄደችም። ከደሳለ ቤት ጀርባ፣ ቋጥኙና አፈሩ በሚገናኙበት ጓሮ ውስጥ ጉድጓዷን ቆፍራ፣ ወልዳ፣ ጎረቤት ሆናለች።

አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ያሉት ቀዮቹ ቀበሮዎች ቢሆኑ ጠባቂ አላቸው፤ ፈረንጅም ካሜራ ተሸክሞ ይመጣላቸዋል። ይቺ ግን ግራጫዋ ናት፤ ስሟ ሲነሣ ዱላ የሚነሣባት። ደሳለ ደግሞ ዱላ ለማንሣት ሰው አያስለምንም። በመንደሩ «የደሳለ ዱላ ከአፉ ይቀድማል» ይባላል። ሰዎቹ ሊያሙት ይሉታል፤ እሱ ግን እንደ ሙገሳ ይሰማዋል።

ያም ሆኖ በዚያ ሰሞን እንቅልፍ የነሣው የግልገሉ ነገር አልነበረም። ልጁ መቅደላዊት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ከባሏ አገር ከብልባላ ወደ አባቷ ቤት መጥታ ከተገላገለች አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነው። ወንድ ልጅ ነው የወለደችው። ደሳለ የልጅ ልጁን ገና በዓይኑ አላየውም፤ ሕፃኑ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ወንድ ወደ አራስ ጓዳ አይገባም። ሕፃኑ ባለቀሰ ቁጥር ሥራውን ጥሎ ከጓዳው በር ውጭ ይቆምና ያዳምጣል። በድምፁ ብቻ ወደደው። እንዲህ ያለ ፍቅር ለገዛ ልጆቹ እንኳ አልነበረውም፤ ይህን ራሱም ያውቃል፤ ያፍርበታልም። እናም ግልገል የለመደ ጥርስ ነገ ሕፃን ቢያምረውስ እያለ ደሙ ይፈላ ጀመር።

ከሦስት ቀን በፊት መቅደላዊት ከጓዳው ሆና ተጣርታ ነበር።

«አባ፣ ከአልጋዬ ሥር የሆነ ነገር ይቧጭራል።»

ደሳለ ሚስቱን ውባንቺን አያት። ሁለቱም አንድ ነገር አሰቡ። አራስ የሌለ ነገር ትሰማለች፤ አራስን የማይጠጋት ክፉ መንፈስ የለም።

«ቢላዋው ከራስጌሽ አለ?» አለች ውባንቺ።

«አለ።»

«እንግዲያው በሥላሴ ስም በይና ተኚ፤ ብረት ያለበት አይጠጋም።»

«እማ፣ ጋኔን አይደለም እኮ። ጥፍር አለው።»

«ጋኔንስ ጥፍር የለውም ያለሽ ማን ነው?» አለና ደሳለ ጨዋታውን ዘጋው።

በዚያው ቀን ባልና ሚስት ተጋግዘው የጓዳዋን መስኮት ከውጭ በኩል በጨርቅ ጠቀጠቁት። በበሩም ላይ ሁለተኛ ጋቢ ደርበው ሰቀሉ፤ ለአራስ ነፋስ ጠላቷ ነው። ልጅቷ የተናገረችው እውነት መሆኑን ለማየት አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ከአልጋው ሥር መመልከት ይበቃው ነበር። ማንም ጎንበስ አላለም።

ከዚያ አልጋ ሥር ጉድጓድ አለ። የደሳለ አባት በደርግ ዘመን እህላቸውን ሊደብቁበት የቆፈሩት ነው። አፉን በወይራ እንጨት ረብርበው፣ ጭቃ መርገውበት፣ ሰሌን አንጥፈውበት፣ ከላዩ የጠፍር አልጋ አቆሙበት። ያኔ ደሳለ ልጅ ነበር፤ አፈሩን በቅርጫት እየተሸከመ ጓሮ የደፋው እሱ ራሱ ነው። ዘመኑ አለፈ፣ አባቱም አለፉ፣ እንጨቱም በሰበሰ። ቀበሮዋ ከጓሮ ስትቆፍር ስትቆፍር እዚያ ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ገባች። የተሠራ ቤት አግኝቶ ማን ይጠላል! ደሳለ ግን ጉድጓዱን ከነመኖሩ ረስቶታል።

የሦስተኛው ግልገል ጭንቅላት በተገኘ ማግስት፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ ጎረቤቱ እንግዳው ከአንጥረኛ ቤት የተዋሰውን ወናፍ በትከሻው አድርጎ መጣ። ደሳለ ከጎታው ሥር ሁለት እፍኝ ደረቅ በርበሬ ዘግኖ ወጣ። ውባንቺ በርበሬውን ስታይ መንገዱን ዘጋችበት።

«አንተ ሰው፣ አራስ ባለችበት ግቢ በርበሬ ልታጤስ ነው?»

«ጓሮ ነው የማጤሰው፤ ጓዳ አላልኩ።»

«ቀበሮዋም እኮ አራስ ናት። ቡችሎቿ ትንሽ ይጠንክሩና ራሷ ይዛቸው ትሄዳለች።»

«እስከዚያ ማንን እየበላች?»

ይህን ሲሉ የሰማችው መቅደላዊት ከጓዳ ተናገረች። ድምጿ ቀጭን ነበር።

«አባ፣ ይተዉዋት። አያጥኗት። እኔ አውቀዋለሁ።»

እንግዳው ወናፉን መመርመር ጀመረ፤ ሰው የሰማውን እንዳልሰማ ሲያደርግ እንዲህ ነው። መቅደላዊት በስምንት ዓመቷ ከብት ስትጠብቅ አንድ ግልገል በቀበሮ አስበልታ ነበር። ያን ዕለት ደሳለ ጭንቅላቷን በጋቢ ሸፍኖ፣ አንገቷን ይዞ፣ በርበሬ በተነሰነሰበት ፍም ጭስ ላይ ደፋት። አገሩ ልጁን እንዲህ ይቀጣል፤ እሱም በልጅነቱ ታጥኗል። ሌላው ሰው ግን ልጁን አጥኖ ይለቃል፤ ደሳለ ደም እስክታስል አልለቀቃትም።

ደሳለ አፈረ። በእሱ ቤት ሐፍረት የሚወጣው ቁጣ ሆኖ ነው።

«ዝም በይና ልጅሽን አጥቢ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ጭሱ ወደ አራሷ እንዳይገባ በማለት የጓዳውን በር ገጭ አድርጎ ዘጋ፤ ሰንሰለቱንም ከውጭ ሰካ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

በጉድጓዱ አፍ ላይ ኩበትና ገለባ አቀጣጠሉ። ትርፍ ቀዳዳ የመሰላቸውን ሁሉ በድንጋይ ደፈኑ። በርበሬው ፍሙ ላይ ሲወድቅ እንግዳው ፊቱን አዙሮ ወናፉን ይነፋ ጀመር። ጭሱ ወደ ውስጥ ገባ፤ ግን አልተመለሰም።

«ጉድጓዱ ይጠጣዋል» አለ እንግዳው እያሳለ፤ «ሌላ መውጫ ይኖረው ይሆን?»

«ደፍነነዋል እኮ። ይጠጣ! ጨምርለት!»

ሁለተኛውን እፍኝ ጣለበት። ጥቂት ቆይቶ ከጭሱ ውስጥ አንድ ቡችላ ዓይኑ ታውሮ እየተደናበረ ወጣ። ደሳለ አንድ ጊዜ መታው፤ በቃው። ሁለተኛው ተከተለ፤ ጮኸ፤ ሁለት ጊዜ መታው። ሦስተኛው ግማሽ አካሉ እንደወጣ እንግዳው በድንጋይ አደቀቀው። ደሳለ ከንፈሩ ላይ የተረጨውን ደም በክንዱ ጠረገና ሳቀ። ዱላውን አንሥቶ እናቲቱን ይጠብቅ ጀመር። «ውጪ! ውጪ አንቺ ሌባ!» እያለ።

እናቲቱ አልወጣችም። ከመሬት በታች የሆነ ነገር ተንኮታኩቶ ሲወድቅ ተሰማ።

ከዚያ ከቤት ውስጥ የመቅደላዊት ጩኸት መጣ።

ጩኸቱ እንደ መጀመሪያው አልቀጠለም፤ ሳል ሆነና ተቆረጠ። ደሳለ በዚያች ቅጽበት አስታወሰ። በቅርጫት የተሸከመው አፈር ክብደት ትከሻው ላይ መጣበት። «የአባቴ ጉድጓድ!» አለና ሮጠ። ውባንቺ ከእሱ ቀድማ ሰንሰለቱን እየነቀነቀች ነበር፤ አልፈታ አላት። ገፍትሯት ሰንሰለቱን ነቀለ። በሩ ሲከፈት የታፈነው ጭስ ፊቱ ላይ ተደፋ።

ምንም አይታይም። ዓይኑ ነደደ፤ ጉሮሮው ተዘጋ። ሕፃኑ አያለቅስም፤ ከሁሉ የከፋው ያ ነበር። አንድ ጠጉራም ነገር በእግሩ መካከል አልፎ ግድግዳውን ቧጨረና ተመልሶ ጭኑን ነከሰው። ዱላውን በጭፍን አወረደው፤ እንስራ ተሰበረ። ነገሩ ወደ አልጋው ዘለለ። በእንባው ውስጥ ግራጫ ጉብታ አየ፤ ግራጫ ጀርባ፣ ሕፃኑ በተኛበት ላይ አጎንብሶ፣ እየተንቀጠቀጠ። «በላችው!» አለ በልቡ። ባለ በሌለ ኃይሉ መታው።

አጥንቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ጮኸ። የጮኸችውም ልጁ ናት።

ያየው ግራጫ ነገር የእሷ ብርድ ልብስ ነበር። ቀበሮዋ የበሰበሰውን ርብራብ ጥሳ ስትወጣ መቅደላዊት ብርድ ልብሱን ተከናንባ፣ በልጇ ላይ ተደፍታ፣ በክንዷ አጥራው ነበር። ዱላው ያረፈው በዚያ ክንድ ላይ ነው። ቀበሮዋ የቀራትን አንድ ቡችላ ከአልጋው ሥር አንሥታ በአፏ አንጠልጥላ በተከፈተው በር ወጣች። እንግዳው ደጅ ላይ አገኛት። ሲመታት ቡችላውን አልጣለችም፤ ስድስት ጊዜ መታት። ስትሞት ከጡቷ ወተት አፈሩ ላይ ፈሰሰ።

ውባንቺ ሕፃኑን ነጥቃ ወደ ውጭ ሮጠች። ፊቱ ጠቁሮ ነበር። አፍንጫውንና አፉን በአፏ መጠጠች፣ ተፋች፣ ደግማ መጠጠች። «ጻድቁ ነአኩቶ ለአብ! አንተ ታውቃለህ!» እያለች ጀርባውን መታ መታ አደረገችው። ሕፃኑ አነጠሰ፤ ከዚያ አለቀሰ። ደሳለ ከበር ውጭ ቆሞ የወደደው ድምፅ ነው፤ አሁን ግን ሻክሯል።

የልጅ ልጁን ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። ዓይኖቹ አብጠው ተገጥመዋል። ደሳለ ሳያስበው እጁን ዘረጋና ጉንጩን ነካው። ሕፃኑ እንደተቃጠለ ሆኖ ጮኸ። ውባንቺ እጁን በክርኗ መታችው።

«እጅህ! በርበሬ ነው እጅህ!»

ከጤና ኬላ የመጣችው ባለሙያ የሕፃኑን ደረት አዳምጣ «ተርፏል» አለች፤ ዓይኑንም አጠበችለት። ለእናቱ ክንድ ደግሰው የሚባል ወጌሻ ተጠራ። መቅደላዊት ወደ ሆስፒታል መሄዱን እምቢ አለች፤ ልጄን ትቼ አልሄድም ብላ። ደግሰው አጥንቱን ሲጎትት የብርድ ልብሷን ጫፍ ነክሳ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ክንዷን በቀርቀሃ አስሮ፣ አርባ ቀን እንዳታንቀሳቅሰው አስጠንቅቆ ሄደ። ደሳለ ከደጅ ተቀምጦ እጁን በአመድ ያጥብ ነበር። በሳሙና አጠበው፣ በሎሚ አሸው፣ ደግሞ በአመድ። የሚለቅለት አልመሰለውም።

በአራተኛው ቀን ውባንቺ ውኃ ልትቀዳ እንደወረደች ሕፃኑ አለቀሰ። ደሳለ እንደልማዱ ከጓዳው በር ውጭ ቆመ። ልቅሶው አልቆም አለ። ጋቢውን ገለጥ አድርጎ አየ፤ ጓዳው እንደሆነ አንዴ ገብቶበታል። መቅደላዊት በአንድ እጇ ሕፃኑን ወደ ጡቷ ልታቀርበው ትታገላለች፤ ትንሽ ይይዝና ይንሸራተታል፣ ደግሞ ታነሣዋለች። ከአልጋው ሥር ያለው ቀዳዳ በድንጋይ ተደፍኗል።

«ልያዝልሽ?» አለ ደሳለ።

ሕፃኑን ወደ ራሷ ሰበሰበችው።

«እጄን ታጥቤያለሁ። አሽትቺው ከፈለግሽ።»

«ያኔም ስለ ግልገል ነበር» አለች ሳታየው። «አሁንም ስለ ግልገል። ሁለት ጊዜ አጠኑኝ፣ አባ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሐፍረቱ ቁጣ አልሆነለትም፤ ሐፍረት ሆኖ ቀረ፤ ከነከሰችው ቀበሮ ይልቅ ይህ አመመው። ሁለት እጆቹን ሕፃኑን ሊቀበል አነሣ።

መቅደላዊት እጆቹ ሲነሡ አየች። ሳታስብ ተደፋች፤ በቀርቀሃ የታሰረውን ክንዷን ከሕፃኑ በላይ አጠረችው፤ ዓይኗን ጨፍና ምቱን ጠበቀች።

ደሳለ እጆቹን ቀስ ብሎ አወረደ። ከበሩ ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለና መዳፎቹን ወደ ላይ አድርጎ ጉልበቱ ላይ አኖራቸው። እሷ ጉልበቷን አጥፋ ሕፃኑን ጭኗ ላይ አስደገፈችና እንደምንም አጠባችው። ውባንቺ ውኃዋን ተሸክማ እስክትመለስ ድረስ ሁለቱም እንደዚያው ነበሩ፤ ሕፃኑን አልሰጠችውም።