የክሎሪኑ ባልዲ ክዳን

ሉሳካ ውስጥ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ የመዋኛ ገንዳ ጠባቂ ነኝ። የስድስት ሳምንት ሥልጠና ስለወሰድኩ ራሴን የውሃ ሐኪም አድርጌ እቆጥር ነበር። አንሶላ አጣቢዋን ባና ምዌላን፣ ማለትም የምዌላን እናት፣ እንደ ወጋችን በርከክ ብዬ እያጨበጨብኩ ሰላም ማለት ከብዶኝ ከሩቅ እጄን ብቻ አነሳላቸው ነበር። ጥጋብ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

አንድ ቅዳሜ ተማሪዎች ሊዋኙ ይመጣሉ፤ ውሃው ደግሞ አረንጓዴ ብሏል። መጋዘን ገብቼ ሳይ ዱቄቱ ክሎሪን ግማሽ ባልዲ ቀርቷል፤ ቀስ ብሎ የሚሟሟው ክኒንም ስብርባሪው አለ። አንድ ላይ ላጠራቅማቸው ስል ባና ምዌላ ቅርጫታቸውን ይዘው በር ላይ ቆሙ።

«አንተ ልጅ፣ ሁለቱን አታገናኛቸው። ሟቹ ባለቤቴ ሃያ ዓመት እዚሁ ገንዳ ላይ ሲሠራ ‹እነዚህ ጣውንቶች ናቸው› ይል ነበር።»

«እማማ፣ ክሎሪን ያው ክሎሪን ነው! እርስዎ ሳሙናዎን ይጠብቁ።»

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» አሉ።

የሄዱ መስሎኝ ክኒኑን ዱቄቱ ላይ ገለበጥኩና በእርጥብ መቅጃ አማሰልኩት። ባልዲው ቸስ አለ፤ ቢጫ ጭስ ወጣ። አፍኜ ላጠፋው ክዳኑን አንስቼ ጎንበስ አልኩ። አንድ እጅ ክዳኑን ከእጄ መትቶ ጣለው፤ ሌላው ቀበቶዬን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝ።

«አትክደነው፣ ይፈነዳል! ውጣ!»

ደጃፉን እንዳለፍን ባልዲው ተቀጣጠለ። እኔ አንድ ፀጉሬ አልተነካም። የእሳቸው ግራ እጅ ግን ፍንጣሪ አግኝቶት ተላጠ። ቧንቧ ሥር ይዤላቸው ውሃ ሳፈስበት «እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

«ባሌ ከድኖት ነው አንድ ዓይኑን ያጣው።»

ሰኞ ቤታቸው ሄድኩ። ጎረቤቶቻቸው እያዩ ደጃፋቸው ላይ በርከክ ብዬ እጄን ጎድጎድ አድርጌ አጨበጨብኩ። እሳቸውም በወጉ ሊመልሱልኝ ሞከሩ፤ ፋሻው ድምፅ አልሰጥ አለ።

«አንድ እጅ አያጨበጭብም፣ ልጄ» ብለው ሳቁ።

«የእርስዎንም እኔ አጨበጭባለሁ፣ እማማ።»

እዚያው አቧራው ላይ ሆኜ እያጨበጨብኩ አለቀስኩ፣ በሁለቱም ዓይኖቼ።