የጭምብሉ ድምፅ

ሃሲንታ «ስኳር ልጨምርልዎት?» ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። ማንኪያውን ከስኳሩ ዕቃ አውጥታ ሽማግሌውን በዓይኗ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁና ቀረፋ የተፈላበትን ቡና ተቀብለው «እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ» አሏት። አንገቷን ሰበር አድርጋ ወደሚቀጥለው ለቀስተኛ አለፈች።

«አየሽ፣ ዛሬም ቃል አልወጣትም» አለች አንዷ ሴት ከኋላዋ፣ በሹክሹክታ መሆኑ ነው።

«ምን ታድርግ! ሐዘኑ ምላሷን ቆልፎት።»

ሐዘኑስ እውነት ነበር። አንድ ወንድሟን ኤቬሊዮን አፈር ካለበሰች ገና ጥቂት ቀኗ ነው። ምላሷን የቆለፈው ግን ፍርሃት ነው። ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል ድምፅዋን ሰምቶ «ይቺ ናት!» የሚል አንድ ሰው ቢገኝ አለቀላት።

ሳሎኑ መሃል፣ ሬሳው አርፎበት በነበረው ቦታ፣ ወለሉ ላይ በኖራ የተሠራ መስቀል ተዘርግቷል። ዙሪያውን ነጭ አበባና ሻማ ነው። ዘጠኙን ቀን አመሻሹ ላይ ሰው ተሰብስቦ ይጸልይበታል። በመጨረሻው ቀን መስቀሉ ከእግሩ ጀምሮ እየተጠረገ ይነሳና ኖራው በሣጥን ሆኖ ወደ መቃብሩ ይሄዳል። ሟች በእርግጥ ከቤቱ የሚወጣው ያኔ ነው። በዚህች መንደር፣ በሳን ማርሲያል፣ ደግሞ የመስቀሉ ራስ ሲነሳ ከሟች ጋር አንድ ጡት የጠባ ሰው ብቻውን የስንብቱን መዝሙር ይዘምርለታል። ኤቬሊዮ ከሃሲንታ ሌላ እህትም ወንድምም የለውም።

ውጭ፣ በግንቡ ሥር፣ ጥቁር ካናቴራ የለበሱ ወጣቶች ተደርድረዋል። ኤቬሊዮ የፔድሬጋል ጊታር መቺ ነበር። ፔድሬጋል ማለት ስታዲየም የሚሞላ ባንድ ነው፤ አድናቂዎቹ ከየከተማው በአውቶቡስ እየተጫኑ ለቅሶ ይደርሳሉ። ያለቅሳሉ፣ ይበላሉ፣ ያወራሉ። በተለይ ያወራሉ! ወሬያቸው ከየትም ቢነሳ መድረሻው አንድ ነው። «ፊት አልባዎቹ እነማን ናቸው?»

ፊት አልባዎቹ የጆንያ ጭምብል አጥልቀው የሚጫወቱ፣ ስማቸውን ማንም የማያውቅ ባንድ ናቸው። አድናቂዎቹ ገና በመጀመሪያው ዘፈን «ይሄ ጊታርማ የኤቬሊዮ ጣት ነው፤ ፔድሬጋሎች ተደብቀው ነው» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ያጣላቸው ድምፁ ነው። ቀጭን፣ ሰርስሮ የሚገባ ድምፅ። ግማሹ «ሴት ናት» ሲል ግማሹ «ወንድ ነው» እያለ በኢንተርኔት ሲሰዳደቡ ከረሙ።

ነገሩ የተጀመረው ጓሮ ካለው የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ ላይ ነው። ሃሲንታ ሰው ፊት ዘፍና አታውቅም፤ ሰው ሲበዛ ጉሮሮዋ ይዘጋል። ልብስ ስታጥብ ግን የውሃው ድምፅ ይሸፍናታልና ታንጎራጉራለች። አንድ ጠዋት ኤቬሊዮ ከግንቡ ጀርባ ቆሞ በስልኩ ሲቀዳት ያዘችው።

«ሌባ!» ብላ እርጥብ ሸሚዝ ወረወረችበት።

ሸሚዙን ከፊቱ ላይ እያነሳ «ስሚኝ አንቺ» አላት። «እኔ አገር ለአገር ዘፋኝ ፍለጋ ስዞር፣ ይሄ ድምፅ እዚህ የኔን ካልሲ ያጥባል?»

«ሰው ፊት? ሞቼ ነው የምገኘው!»

«ማን ፊትሽን ያያል? ጆንያ እናጠልቃለን። አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ ሁላችንም።»

ሳቀች። መሳቋ ነው ያስያዛት። እንዲህ ሆኖ እሷ ከጭምብሉ ሥር ዘፈነች፤ ለእናቷ ለዶኛ ኦቲሊያ እንኳ ሳይነገር።

አንደኛው ዘፈን ግን ጣጣ አመጣ። ሃሲንታ ግጥሙን ራሷ ነበረች የደረደረችው፣ ቧንቧው ደርቆ ልብስ ሳይታጠብ በከረመበት ሰሞን። ወንዙን አጥሮ ውሃውን የሚሸጠው ዶን ኤራክሊዮ ነው፤ እምቢ ያለው ሰው ለሥራ ብሎ ከቤቱ ይወጣና በዚያው ይቀራል። ዘፈኑ ይህን ሲናገር ስም አልጠራም። ግን ገበያ ላይ በተከፈተ ቁጥር ሰው ወደ ኤራክሊዮ ቤት አቅጣጫ እያየ ይስቅ ጀመር። ኤራክሊዮ አልሳቀም። «ያንን ጉሮሮ አምጡልኝ» አለ ተባለ።

በዚያው ሳምንት ኤቬሊዮ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ «እሺ፣ ተሸነፍኩ! የፊት አልባዎቹ ድምፅ እኔ ነኝ። በማሽን አቅጥኜው ነው» አለ፣ እየሳቀ። አድናቂዎቹ በደስታ አበዱ። ሃሲንታ ወዲያው ደወለችለት።

«ምን ነካህ? አብደሃል?»

«ተይ ባክሽ፣ አትሸበሪ። እኔን ማን ይነካኛል? ታዋቂ ሰው እኮ ነኝ።»

ብዙም ሳይቆይ ታርጋ የሌለው የጭነት መኪና ተራራው መንገድ ላይ ከነሞተር ብስክሌቱ ገጨው። ፖሊስ «አደጋ ነው» አለ። ይሆናል፣ ማን ያውቃል። ሃሲንታ ግን በሬሳው ፊት ቆማ ያሰበችው አንድ ነገር ነው፤ በእኔ ጉሮሮ ፋንታ የሱ ተከፈለ። እሷን ያዳናት ሰው ሁሉ የኤቬሊዮን ቀልድ ማመኑ ነው። ድምፁ አብሮት ተቀብሯል፣ ማንም አይፈልገውም። ዝም እስካለች ድረስ።

ያዲራ የምትባል አድናቂ ከሌሎቹ ተለይታ ማድ ቤት ገብታ ታገለግል ነበር። ደግ ልጅ ናት፣ ነገር ግን አፏ አያርፍም። ከሃሲንታ ጎን ተቀምጣ ታማሌ የሚባለውን የበቆሎ ሊጥ በበቆሎ ቅጠል እየጠቀለለች አንገቷን አስግጋ ቀረበች።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እህቴ? ያጽናናሻል። የአድናቂዎቹን ገጽ የምመራው እኔ ነኝ፣ ነግሬሻለሁ አይደል? ኤቬሊዮ አይደለም የሚዘፍነው!»

የሃሲንታ እጅ ቀጥ አለ።

«አየሽ፣ ፊት አልባዎቹ ሳንታ ሪታ ክብረ በዓል ላይ የተጫወቱ ዕለት ኤቬሊዮ ዋና ከተማ ቴሌቪዥን ላይ ነበር። በቀጥታ ስርጭት! ጊታሩን ሌላ ሰው ይተካው፣ ድምፁ ግን ያው ነበር። ሰው ሁለት ቦታ ይዘፍናል? አይዘፍንም። ስለዚህ ያ ድምፅ አልሞተም፣ በሕይወት አለ! ደስ አይልም?»

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለች ሃሲንታ። ሳታስበው አመለጣት።

«እንዴ፣ ጠዋት ለጥፌው! ስንት ሰው እንደተቀባበለው ብታዪ።» ያዲራ ራሷን ዘንበል አድርጋ አየቻት። «አንቺ... እስቲ ያልሽውን ድገሚው?»

ሃሲንታ ክው አለች። ያኔ እናቷ ከበሩ ላይ ተጣራች።

«ሃሲንታ! ውሃው ፈልቶ እየገነፈለ ነው፣ ነይ አንሺልኝ!»

ተፈናጥራ ወጣች። ምድጃው ላይ የተጣደ ውሃ አልነበረም። እናቷ ግን ጀርባዋን ሰጥታ ሻማ ታስተካክል ስለነበር ምንም ልትጠይቃት አልቻለችም።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ አንድ የማይታወቅ ሰው መጣ። የገለባ ባርኔጣ አድርጓል፤ ጫማው አቧራ በበዛበት ሰፈር ውስጥ ንጹሕ ነው። ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሲጸለይ ከንፈሩን አያንቀሳቅስም፤ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሴቶቹ ሲዘምሩ አንድ በአንድ ያያቸዋል። ታማሌ ሰጡት፣ በላ። እየበላ ዶኛ ኦቲሊያን «የልጅዎት አድናቂ ነኝ» አላት። «በመጨረሻው ቀን እህትየዋ ትዘምራለች አሉኝ። እውነት ነው?»

«እዚህ አገር ልማድ ነው» አለች ዶኛ ኦቲሊያ፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ።

ሃሲንታ ይህን ከመጋረጃው ጀርባ ሰማች። የኤራክሊዮ ሰው መሆኑ ገባት፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

ጸሎት መሪዋ ዶኛ ክሬሴንሲያ ደግሞ አላስቀመጠቻትም። አሮጊቷ የስንቱን ሬሳ የሸኘች፣ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። ጓሮ ድረስ ተከትላት መጣች።

«መዝሙሩን አጥንተሻል?»

ሃሲንታ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

«ምን ማለት ነው? ታዲያ ልጁ ደጃፍ ላይ ተገትሮ ሊቀር ነው? ወጣ እንዳይባል አልተሸኘ፣ አለ እንዳይባል ሞቷል! ደግ ወንድምሽ አልነበረም? ድምፅሽ የጅብም ቢሆን ዘምሪለት! ማንም ስለ ዜማው አይጠይቅሽም።»

ዜማውን የሚጠይቅ ግን ነበረ፣ በር አጠገብ፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ።

እናቷ ጋ ሄደች። ዶኛ ኦቲሊያ ልጇ ከሞተ ወዲህ አንዲት ዘለላ እንባ አላወጣችም፤ ሰፈሩ «ድንጋይ ሆናለች» እያለ ያማታል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የኤቬሊዮን ሸሚዝ ታጥፋለች።

«እማዬ» አለች ሃሲንታ በትንፋሽ፣ «ሌላ ሰው ይዘምርለት። እኔ... አልችልም።»

እናቷ ሸሚዙን አጥፋ ጨረሰች፣ ፈታችው፣ እንደገና ታጥፈው ጀመር። «መስቀሉ ፊት ስንደርስ እናያለን» አለች።

ተቀየመችኝ፣ አለች ሃሲንታ በልቧ። በማለዳው አውቶቡስ ልትጠፋ አሰበች፤ ቦርሳዋንም አወጣች። ብትሄድ ወንድሟን ማን ከቤት ያወጣዋል? ብትቀርና ብትዘምር ያ ስልክ ድምፅዋን ይዞ ይሄዳል፣ ከዚያ እሷም ለሥራ ብላ ወጥታ በዚያው የምትቀር ናት። ቦርሳውን ባዶውን አቅፋ ተቀመጠች። ፈራሁ፣ ኤቬሊዮ፣ በጣም ፈራሁ፣ አለችው፣ እሱ እንደሚሰማት ሁሉ።

የመጨረሻው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ጢም አለ። ባለ ጥቁር ካናቴራዎቹ በመስኮት ሳይቀር ተንጠልጥለዋል። ባለ ባርኔጣው ሰው ቦታውን አልለቀቀም።

ዶኛ ክሬሴንሲያ ጸሎቱን መራችና ሰዎች በየተራ ተንበርክከው በአበባ እየጠረጉ ኖራውን ወደ ሣጥኑ አስገቡ። እግሩ ተነሳ። የቀኝ ክንዱ ተነሳ። የግራው ተነሳ። በእያንዳንዱ ሁሉም አብሮ ዘመረ። ሃሲንታ ሣጥኑን ይዛ ተንበርክካ ነበር፤ ጥርሷ እንዳይንገጫገጭ ነክሳ ይዛዋለች። የመስቀሉ ራስ ብቻ ቀረ።

«የሟች እህት!» አለች ዶኛ ክሬሴንሲያ።

ሻማ ሲንጣጣ ይሰማል። ሰውየው ስልኩን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ ወደ ፊት ዘረጋው።

ሃሲንታ ኖራውን ጠርጋ ሣጥኑ ውስጥ ጨመረች። ሰዉ ጠበቀ። አንዱ አሳለ፤ ሌላዋ «ምነው?» አለች።

እናቷ ከጎኗ መጥታ ተንበረከከች። የሃሲንታን ራስ ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አደረገችውና አፏን ጆሮዋ ላይ ለጠፈች።

«ልብስ ስታጥቢ እንደምታንጎራጉሪው ዘምሪለት። እኔ እሸፍንሻለሁ።»

ሃሲንታ ደነገጠች። «እማዬ... ታውቂ ነበር?»

«ወፍጮ ቤት ሬዲዮ ላይ የሰማሁት ለት። የወለድኩትን ድምፅ አላውቅም? አንዱን ወስደውብኛል፣ ሁለተኛ አይወስዱም።» የእናቷ ትንፋሽ ተቆራረጠ። «እስከዛሬ ያላለቀስኩት ለምን ይመስልሻል? ዘምሪ፣ ልጄ። እኔ አለቅሳለሁ።»

ከዚያ ቀና ብላ ጮኸች።

እንዲህ ያለ ጩኸት ሳን ማርሲያል ሰምታ አታውቅም። «ኤቬሊዮ! ልጄ! ልጄን!» እያለች ደረቷን ደቃች፣ ፀጉሯን በተነች፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ የታመቀው ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። የድንጋይዋ ሴት ስታነባ ያዩ ሴቶች ሆዳቸው ባብቶ ተቀበሏት። ያዲራ ፊቷን ይዛ ተንሰቀሰቀች፤ በመስኮት የተንጠለጠሉት ሁሉ እሪ አሉ። ዶኛ ክሬሴንሲያ ራሷ መቁጠሪያዋን ጥላ አለቀሰች።

ሃሲንታ ፊቷን ሣጥኑ ውስጥ ቀብራ፣ ከንፈሯን ኖራው ላይ አድርጋ ዘመረች። በትንፋሽ አይደለም፤ በሙሉ ድምፅዋ፣ ጭምብል ለብሳ ትዘፍን በነበረበት በዚያው። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ድረስ ሸኘችው። አብሯት ከተንበረከከችው እናቷ በቀር ማንም አልሰማም።

ሰውየው ስልኩን ወዲያ ወዲህ አዞረው፣ ጆሮው ላይ አደረገው፣ ፊቱን አጨማደደ። ለቅሶ ብቻ ነበር። ባርኔጣውን ጫን አድርጎ ወጣ።

መዝሙሩ ሲያልቅ ዶኛ ኦቲሊያ ዝም አለች፣ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተከተሏት። ሃሲንታ ቀና አለች። አንዷ ሴት «አፍሽን ኖራ ነክቶታል፣ የኔ እናት» ብላ መሐረብ ዘረጋችላት። ሃሲንታ አልቀበልም ስትል ራሷን ነቀነቀች። ከንፈሯ ነጭ እንደሆነ የሣጥኑን ክዳን ገጠመች።