በፍቅር የተፋቁት ላሞች

«አባባ፣ በፈጣሪ ይተዉት!»

ሽማግሌው ጠባቂ የሽቦ ብሩሹን እንደያዘ ዞረ። ከቅርስ መሥሪያ ቤቱ የተላከችው ባለሙያ እያለከለከች ዳገቱን ትወጣለች። እሱ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ከማለዳ ጀምሮ በባልዲ ውሃ አምጥቶ ወገቡ እስኪቆረጥ የጥንት ቅርጽ ያለበትን ዓለት ሲፈትግ ነበር፤ የጠበቀውም ምስጋና እንጂ ጩኸት አልነበረም።

«ሻጋታውን እኮ ነው የማጸዳው፣ ልጄ።»

«በሽቦ?»

«ታዲያ በምን? በጥጥ ላብሰው?»

አልሳቀችም። ከቦርሳዋ አሮጌ ፎቶግራፍ አውጥታ ከዓለቱ ጎን ያዘችው። ፎቶው ላይ በጥንት ሰው እጅ የተፈለፈሉ ሰባት ላሞች ከነቀንዳቸው፣ ከነጡታቸው ቆመዋል። ዓለቱ ላይ የቀሩት አራት ናቸው፤ እነሱም ደብዝዘው ጭረት መስለዋል።

«ዝናቡ ነው የበላቸው» አለ።

ባለሙያዋ እጁን ይዛ ጣቱን በዓለቱ ላይ አስኬደችው። ጎን ለጎን የተሰመሩ ቀጫጭን ጭረቶች ቆረቆሩት። ከብሩሹ ጥርስ ጋር ልክ ለልክ ነበሩ።

«በየስንት ጊዜው ነው የሚያጸዱት?»

«እንግዳ በመጣ ቁጥር። ጥርት ብለው እንዲታዩ ብዬ» አለ ጣቱን ከጭረቶቹ ሳያነሳ። «ሃያ ሁለት ዓመት።»

«ማን አዘዘዎት?»

«ማንም። ወድጃቸው ነው።»

እሱ ዓለቱ ላይ የራሳቸውን ስም ሊቀርጹ የመጡትን በዱላ አባሯል፤ ከድንጋይ ፈላጮች ጋር ተደባድቦ የፊት ጥርሱን አጥቷል። ሚስቱ «ለመሆኑ ያገባኸው እኔን ነው ድንጋዩን?» እያለች እስክትሞት ቀልዳበታለች። ከሰው ሁሉ አድኗቸው በገዛ እጁ ጨረሳቸው። እንዲህ ያለ ሐዘን የት ተቀምጦ ይለቀሳል?

ጥበቃውን እንደሚለቅ ሰው የዓለቱን አጥር ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት።

«አባባ፣ ምናልባት ያልተነካ ሌላ ቅርጽ ይኖር ይሆን? አንድ እንኳ ቢገኝ ይመዘገባል።»

ከዓለቱ ጀርባ፣ ስንጥቁ ውስጥ፣ አንዲት የተፈለፈለች ጥጃ አለች። ያገኛት ባለፈው ሳምንት ነው። ሻጋታ ከራሷ እስከ እግሯ አልብሷታል፤ ዛሬ ፈትጎ ባለሙያዋን ሊያስደንቃት አስቦ ነበር። ቢያሳያት አጥር ይታጠርላታል፣ እንግዳ ይጎርፍባታል፣ ነገ ደግሞ እንደ እሱ የሚወዳት ጠባቂ ይቀጠርላታል።

«የለም፣ ልጄ» አለ፤ ዓይኑ ወደ ስንጥቁ እንዳይሄድበት አቀርቅሮ ባልዲውን አነሳ።