ከኩይሳ ሆድ
እህቴ ንሳማ በስምንተኛ ወሯ አፈር ትበላ ነበር። ይህ በዛምቢያዋ ከተማችን ካብዌ ወሬ አይሆንም። እዚህ ጎረቤት የሚጨነቀው ያረገዘች ሴት አፈር ሳያምራት ሲቀር ነው። እናቴ ደግሞ የሚበላ አፈር ሻጭ ናት። ኩይሳ አፍርሳ ከሆዱ ትቆፍራለች፣ ትወቅጣለች፣ ትነፋለች፣ በውሃ ለውሳ በጣት ልክ ታድበለብላለች፣ ከዚያ ጭስ ላይ ታደርቀዋለች። ገበያ ውስጥ የባና ንሳማ አፈር ካለ የሌላ ሻጭ ፊት የሚቆም የለም። ባና ንሳማ የንሳማ እናት ማለት ነው፤ ሰው ሁሉ እናቴን የሚጠራት በበኩር ልጇ ነው።

እኔ ሁለተኛዋ ልጅ ሙምባ ነኝ። ዋና ከተማው ሉሳካ ሄጄ ስለ አፈር የተማርኩት በዚሁ አፈር ገንዘብ ነው። አሁን ሥራዬ የየግቢውን አፈር መለካት ነው። የድሮው የማዕድን ማውጫ የተዘጋው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ያወጣው መርዛማ ብረት፣ እርሳስ፣ ግን የትም አልሄደም። አቧራው ውስጥ አለ። ልጆች እጃቸውን ሲልሱ ወደ ደማቸው ይገባል፣ ከደማቸው ወደ አጥንታቸውና ወደ አእምሯቸው። ይህን የማያውቅ የከተማችን ሰው የለም። እናቴም ታውቃለች። ከግቢዋ አፈር አንዲት ቅንጣት የማትነካው ለዚህ ነው።

«ምስጥ ሞኝ አይደለም» ትላለች። «ከታች ንጹሑን መርጦ ነው የሚያወጣው። አቧራው ከላይ ይቀራል። የኩይሳን ሆድ ፀሐይ እንኳ አይቶት አያውቅም።»

ይህን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ዲግሪ ይዤ ከተመለስኩም በኋላ አንድ ቀን እንኳ ልጠራጠረው አላሰብኩም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በእናቴ ግቢ ከማንጎው ሥር ተቀምጠናል። እኔ ለሰኞ ሥራ መለኪያዬን እወለውላለሁ፤ ሽጉጥ የሚመስል ነገር ነው፣ አፍንጫውን አፈር ላይ አድርገው ሲጫኑት ቁጥር ያወጣል። ንሳማ ምንጣፍ ላይ ተጋድማ ትቆረጥማለች። እናቴ ለነገ ገበያ ጭቃዋን ታድበለብላለች።

«አንቺ፣ የእኔንም ተኩሺልኝ እስቲ» አለች ንሳማ፣ የገመጠችውን አፈር ወደ እኔ ዘርግታ። «ዲግሪሽ ስለ ምሳዬ ምን ይላል?»

«መጀመሪያ ምሳሽ ምግብ ይሁን።»

«ቅናት ነው። ባል የላት፣ ሆድ የላት፣ ሽጉጥ ይዛ ሰፈር ለሰፈር!»

እናቴ ሳቀች። እኔም ለቀልዱ ብዬ አፈሩ ላይ ተጫንኩት። ቁጥሩ መጣ። ልጆች እንዳይጫወቱበት በአጥር ከምንዘጋው ግቢ አፈር ይበልጣል። ደግሜ ተጫንኩ። ያው ነው።

«እህስ? ወንድ ነው ሴት?» አለች ንሳማ።

እናቴ እጇ በጭቃ እንደተለወሰ ቀና ብላ እየሳቀች ታየኛለች።

«ባትሪው ደክሟል» አልኩ።

ንሳማ የቀረውን አፏ ውስጥ ከተተችው። በጥርሷ ሲደቅ ይሰማኛል። ትንሽ ቆይታ ውሃ ጠየቀችኝ፤ ተነስቼ አቀበልኳት።

መሣሪያ ይሳሳታል፣ ሳላረጋግጥ አልናገርም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ለሌላ ሰው ግቢ ቢሆን ኖሮ እዚያው ቆሜ እናገር ነበር።

በነጋታው ከእናቴ ጆንያ ጥቂት ሳታየኝ ወስጄ በሥራ ቦታ ለካሁ። ሁሉም ያው ነው። ማታ እራት ላይ የበቆሎ ገንፎዬን፣ ንሺማዬን፣ እየጠቀለልኩ እናቴን እንደ ዋዛ ጠየቅኳት።

«እማ፣ አሁን የምትቆፍሪው ከሐዲዱ ማዶ ካለው ኩይሳ ነው?»

«ያ ድሮ ቀረ። ይሄኛው ቦዩ ዳር ያለው ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንቺ ሉሳካ ከገባሽ ጀምሮ ነዋ። በዚህ በሚያመኝ እግሬ ሐዲድ ማዶ እየተመላለስኩ ለአንቺ ክፍያ እንዴት ይደርስልኛል?»

ቦዩ የድሮውን የማዕድን ማውጫ ውሃ የሚያወርደው ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ሞልቶ ዳሩን ያጥለቀልቃል፣ ደለሉን እየተወ ይሄዳል፣ መሬቱም እያደር ይጠጣዋል። ምስጥ ንጹሕና ቆሻሻ አይመርጥም። ያገኘውን ይሸከማል።

ይህን ሁሉ አውቄ ንሺማዬን በላሁ። በቀጣዮቹ ቀናትም በማላውቃቸው ሰዎች ግቢ እየዞርኩ «ልጆቻችሁ አፈር አፋቸው ውስጥ እንዳይከቱ» ስል ዋልኩ። ወደ ቤት ስመለስ ንሳማ ምንጣፏ ላይ ናት። ትቆረጥማለች። ነገ እነግራቸዋለሁ እላለሁ።

ሐሙስ ዕለት ቆርጬ ገበያ ሄድኩ። ለእናቴ በጆሮዋ ልነግራት፣ ቀስ ብላ ሰብስባ ወደ ቤት እንድትሄድ። ከመድረሴ ላቭነስ የምትባል ደንበኛዋ ሆዷን አስቀድማ መጣች።

«ባና ንሳማ፣ ዛሬ ወፍራም ወፍራሙን ይስጡኝ። ይሄ ልጅ አባቱን ነው የወጣው፣ አይጠግብም።»

«አባቱን ከወጣ መክፈልም አይወድማ!» አለች ከጎን ደረቅ ዓሣ የምትሸጠው።

«የእሱን ዕዳ ለእሱ ንገሪው፣ እኔን ተይኝ!»

ሳቁ ደመቀ። ላቭነስ እየሳቀች አንዱን አንስታ ወደ አፏ ወሰደችው። እጇን መታሁት። አፈሩ መሬት ላይ ወድቆ ለሁለት ተሰበረ።

«አትብዪው! እርሳስ አለበት!»

መጀመሪያ አፏን የከፈተችው ዓሣ ሻጯ ናት።

«ኧረ እናንተ! ይቺ ልጅ ተምራ ተምራ ለየላት!»

«ያበላትን እጅ ልትነክስ ነው» አለች ሌላዋ ከኋላ።

«ባና ንሳማ» አለች ላቭነስ፤ አሁን አትስቅም፣ እጇ ሆዷ ላይ ነው። «እውነት ነው?»

እናቴ ዝቅ ብላ ስባሪውን ለቀመች፣ በወገቧ ባሸረጠችው ቺቴንጌ ጫፍ ጠረገችው፣ ሳህኑ ውስጥ መለሰችው።

«ሙምባ፣ ቤት ሂጂ» አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከእኔ ብዙም ሳትዘገይ መጣች። ጆንያው እንደሞላ ነው። ንሳማ ገና ምን እንደተፈጠረ አታውቅም፤ በሩ ላይ ቆማ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ታያለች።

«ንገሪኝ» አለች እናቴ። «እንደ ሰው ንገሪኝ። እንደ መጽሐፍ አትንገሪኝ።»

ነገርኳት። ቦዩን፣ ደለሉን፣ ምስጡን። እሳትና ጭስ እርሳስን እንደማያጠፉት። ከእናት ደም ወደ ጽንሱ እንደሚሻገር።

«አንቺን ሳረግዝ በልቻለሁ። ምን ሆንሽ?»

«ያኔ የበላሽው ከሐዲዱ ማዶ ያለውን ነው፣ እማ።»

እናቴ ወደ ጆንያው ዞረች። ንሳማ ግን ሌላ ጥያቄ ነበራት።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

መዋሸት እችል ነበር። አሁን እንኳ እችል ነበር።

«እሁድ።»

«እሁድ ባትሪው ደክሟል ነው ያልሽኝ።»

«አዎ።»

«ባትሪው ደክሞ ነበር?»

«አልደከመም።»

«ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ስበላ እያየሽኝ ነው። ውሃም ያቀበልሽኝ አንቺ ነሽ።» አላለቀሰችም። ንሳማ ስትናደድ ድምፅዋ ይቀዘቅዛል። «እማ ሳታውቅ ሸጠች፣ እኔ ሳላውቅ በላሁ። አንቺስ?»

ንሳማ መልሴን አልጠበቀችም። ጫማዋን አድርጋ ደሟን ልታስመረምር ወደ ጤና ጣቢያው ወጣች። ልሸኝሽ አልኳት።

«እግር አለኝ» አለች።

እናቴ ከጆንያው ጎን መሬት ላይ እንደተቀመጠች ቆየች። ቆጠራ ላይ እንደሆነች የገባኝ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቼ ነው።

«የባና ቾምባ ልጅ» አለች በመጨረሻ። «አራት ዓመቷ ነው። አትናገርም።»

«እማ፣ ካንድ ልጅ ተነስቶ እንዲህ ማለት አይቻልም። አቧራውም አለ፣ ግቢያቸውም—»

«ካረገዘችበት ቀን እስከ ወለደችበት ድረስ ከእኔ ነው የገዛችው። አንዳንዴ እመርቅላት ነበር።» ተነስታ ቺቴንጌዋን አጠበቀች። «ተነሺ።»

«ወዴት?»

«ቤቷ ነዋ። ከዓሣ ሻጭ ከምትሰማው ከእኔ ትስማው።»

ባና ቾምባ እናቴን ስታይ ደስ አላት። ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ፣ መዳፏን አጨብጭባ ተቀበለቻት፣ ለሁለታችን በርጩማ አወጣች፣ ሙንኮዮ የሚሉትን የበቆሎ መጠጥ በኩባያ ቀዳች። ቾምባ እናቷ እግር ሥር ተቀምጣ የፕላስቲክ ክዳን ታሽከረክራለች። ስሟን ስጠራት ቀና አላለችም።

እናቴ አልተቀመጠችም፣ አልጠጣችም። ቆማ ነገረቻት። አላሳጠረችውም፣ ራሷንም አልከለለችም። «የሸጥኩልሽ እኔ ነኝ» ብላ ጨረሰች።

ባና ቾምባ እናቴን ትታ እኔን አየችኝ።

«የተማርሽው አንቺ ነሽ። ልጄ እንዲህ የሆነችው በዚህ ነው?»

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። የልጅ አለመናገር ምክንያቱ ብዙ ነው፣ የግቢው አፈርም አልተለካም፣ ያለ ምርመራ ምንም ማለት አይቻልም። አንዱም ሐሰት አይደለም። ሁሉም ግን እኔንና እናቴን ከዚያ ግቢ በሰላም የሚያስወጣ ነው።

«ሊሆን ይችላል» አልኩ። «እርግጡን ማንም አይነግርሽም። ግን ሊሆን ይችላል። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ አብረን እንሂድ፣ ደሟ ይታይ።»

ባና ቾምባ ልጇን አቀፈቻት፤ ልጅቷ ክዳኗን እንደጨበጠች ነው። በሌላ እጇ ያልተጠጡትን ኩባያዎች ሰብስባ ወደ ውስጥ ገባች። በሩ ተዘጋ።

ምን እንደምናደርግ ሳናውቅ እንደቆምን፣ ድምፅዋ ከውስጥ መጣ።

«እኔ ቤት ምን ትጠብቃላችሁ? ገና ያልወለዱት ጋ ሂዱ፣ ንገሯቸው!»

እናቴ እያነከሰች መንገድ ጀምራ ነበር።