ቀናው ደርሷል

የሥራ ባልደረባዬን ነብዩን ስንቴ እንደነገርኩት አትጠይቁኝ። ገጹ ላይ የሚጫነውን ቁልፍ በመለያው እንጂ በቦታው አትፈልገው፣ ቦታ ይቀያየራል ብዬ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ለፍልፌያለሁ። «እሺ፣ ነገ» ይለኛል። የሱ ነገ መቼም አይነጋም።

አሶሳ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ማኅበር የሚጠቀምበትን ድረ ገጽ የምንሠራው እኔና እሱ ነን። ሾፌር ደውሎ ያለበትን ሲናገር ስምሪት ክፍሉ በስሙ አንጻር ያለውን ቁልፍ ይጫናል፤ ያኔ ለቤተሰቡ መልእክት ይሄዳል። ገጹ መሥራቱን የሚፈትሽልን ሮቦት አለ። ሮቦት ስላችሁ ብረት ለባሽ እንዳይመስላችሁ፤ በየማለዳው ገጹን እንደ ሰው ከፍቶ የሚጫን ፕሮግራም ነው። ለሱ ብለን «ሙከራ» የሚባል፣ በዓለም ላይ የሌለ ሾፌር አንደኛ መስመር ላይ መዝግበናል። ነብዩም ሮቦቱን «ከላይ ያለውን ‹ደርሷል› ተጫን» ብሎ አዘዘው። ከላይ ማን እንዳለ ሮቦቱ ምን ቸገረው?

ክረምት ላይ ቀናው የሚባል ሾፌር ሲሚንቶ ጭኖ ወደ ማንኩሽ ወጣ። መኪናው ወንዝ ውስጥ ተገልብጦ ተገኘ፤ እሱን ውሃ ሲወስደው ያዩ ሰዎች አሉ። ሬሳው ግን አልተገኘም። ስምሪት ክፍሉ ነገሩ እንዳይረሳ ብሎ ስሙን ከሁሉም በላይ አወጣው። ለእኛ የነገረን የለም።

ከሳምንታት በኋላ የቀናው ወንድም ሃብታሙ ፊቱ ከስሎ ቢሯችን መጣ። ሽማግሌዎች ለሚስቱ ለደብሪቱ መርዶ ሊነግሩ ገና ጎህ ሲቀድ ሄደው ነበር አሉ። አረፍ ብለው አፋቸውን ሳይከፍቱ ስልኳ ጮኸ። «ቀናው ደርሷል» ይላል። እሷ እልል ብላ በሩን ልትከፍትለት ሮጠች። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው መልእክቱ ይመጣል፣ በየማለዳው በሩን ከፍታ ትቆማለች። ከወንበራ ደብረ ዘይት የመጡት ዘመዶች አያለቅሱ ነገር እሷ መጣልኝ ትላለች፣ ግራ ገብቷቸው ተቀምጠዋል። ሰፈሩም ለየላት ማለት ጀምሯል።

«ለወንድሜ ማልቀስ ተከለከልኩ» አለኝ።

ነብዩን ልናገረው ብዬ ሳየው አንገቱን ደፍቷል፤ ተውኩት። ለ«ሙከራ» ቁልፍ ቢወርድም ቢወጣም የማይለወጥ መለያ ሰጠሁትና ሮቦቱን በሱ ብቻ እንዲፈልግ አዘዝኩት። ወዲያው አገኘው። ግን መልእክቱ ዝም ስላለ ደብሪቱ መጠበቋን ትተዋለች? መንገድ ላይ ነው ትላለች እንጂ። ሃብታሙን፣ «ደብሪቱን አምጣልኝ» አልኩት።

መጣች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ማሽን ተሳስቶ እንደሆነ አስረድቼ ይቅር እንድትለን ለመንኳት። ሰምታኝ ስታበቃ፣

«ማሽኑ እሱን ካላየው፣ ስሙን ለምን ጠራው?» አለችኝ።

እውነት ለመናገር እኔም ፈራሁ። ዓይኗ እንዲያይ ብዬ ገጹን ከፈትኩላት። የባሏን ስም አገኘችው፣ ቁልፎቹንም በጣቷ እየተከተለች አነበበች። መንገድ ላይ። ደርሷል። አርፏል። ይሄ የመጨረሻው ቁልፍ፣ ሾፌር ደክሞት መንገድ ዳር ሲተኛ የሚጫን ነው። ስንጽፈው ሌላ ትርጉሙ ለማናችንም ትዝ አላለን። ነብዩ ሊያስረዳት ሲነሳ ክንዱን ያዝኩት።

«ይሄን እኔ ልጫነው?» አለች።

ሃብታሙን አየሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ማውሱን ሰጠኋት።

ነጠላዋ ጫፍ ላይ የቋጠረችው ስልክ ጮኸ። ፈትታ አወጣችው፤ ራሷ የላከችውን፣ ሌላ ሰው እንዳረዳት ሁሉ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችው።

«ቀናው አርፏል።»

ከዚያ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች፣ መቀነቷን አጠበቀችና ባሏን በስሙ እየጠራች ማልቀስ ጀመረች።