ለብቻው ያነሳው ስልክ

"ትሪውን አስቀምጪና ቁጭ በይ! ሦስት ቀን ሙሉ ቆመሽ ልትዘልቂው ነው?" አሏት አክስቷ።

አልተቀመጠችም። ከተቀመጠች ማልቀሷ ነው፤ እሷ ደግሞ ለማልቀስ አልመጣችም። የሻዩን ትሪ ይዛ በወንበሮቹ መሃል አለፈች። ለቀስተኛው አባቷን እየተቀባበለ ያመሰግናል። "የሰው ችግር የሚሰማ ሰው ነበር" ይላል ጎረቤቱ። "አንድ ቀን እንኳ ንግግሬን አቋርጦ አያውቅም" ይላል ባለሱቁ። እሷ ጥርሷን ነክሳ ስኳር ታድላለች። የሚሰማ ሰው! ወይ ነዶ!

እንዴት እንደሚሰማ እሷ ታውቃለች። ከአሥራ አንድ ወር በፊት እርግዝናዋ በአምስተኛ ወሩ ጨነገፈባት። ማርገዟን ከባሏ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ስድስት ሲሞላ መጥታ ቤተሰቡን በደስታ ልታስጮህ ነበር። እናቷ በሕይወት የለችም። ስለዚህ ከሆስፒታል በወጣች ማግስት፣ ከምትኖርበት ሩቅ ከተማ ለአባቷ ደወለች። ስልኩ ወዲያው ተነሳ። ሁሉንም ነገረችው። ደሙን ነገረችው፣ ሐኪሙ ዓይኗን ማየት እንዳቃተው ነገረችው፣ ልጁ ወንድ እንደነበር ነገረችው። ጨርሳ ብዙ ከጠበቀች በኋላ አባቷ በሞቀ ድምፅ፣ "ጎሽ የኔ ሬዲዮ! እንዲህ ነው እንጂ! በርቺ፣ ጎሽ!" አለና ዘጋው።

ሬዲዮ የሚላት ከልጅነቷ ጀምሮ ነው። ከፋብሪካ ሲመለስ ከበሩ ተቀብላ ጫማውን እስኪያወልቅ፣ እጁን እስኪታጠብ፣ እራቱን እስኪበላ ድረስ ስለማታቆም ነው። ያን ቀን ግን ሬዲዮው ተዘጋ። አልደወለችም፤ ወንድሟ ሲደውልም አላነሳችም። "ምን ማለትህ ነው?" ብላ አባቷን አልጠየቀችውም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸታቸውን ነው። ይነቅዛል። አሥራ አንድ ወር ሲነቅዝ ቆይቶ አክስቷ ወደ ባሏ ስልክ ደውለው መርዶውን ነገሯት።

ከሰዓት በኋላ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። አንደኛው አባቷ ሠላሳ ዓመት በሽመና ማሽን ላይ ሲሠራ አለቃው የነበሩት፣ ሁሉም ፎርማን የሚሏቸው ናቸው። ቦታ ስለጠበበ ፎርማን በሩ አጠገብ፣ ጓደኛቸው ማዶ ጥጉ ላይ ተቀመጡ። ወዲያው ፎርማን ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው የእጅ አንጓቸውን መታ መታ አደረጉ። ሰውየው ከማዶ ሁለት ጣት አሳይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሁለቱም ፈገግ አሉ።

ብርጭቆውን ፎርማን ፊት ጠቅ አድርጋ አስቀመጠችው።

"በለቅሶ ቤት መጠቃቀስ ምን የሚሉት ነው?"

"አትቆጪ ልጄ፣ ልማድ ሆኖብን ነው" አሉ ፎርማን። ድምፃቸው ቤቱን ሞላው። "መቶ ማሽን ባንዴ ሲንኳኳ ጆሮሽ ሥር ቢጮሁብሽ አትሰሚም። በእጅ ነበር የምናወራው። አባትሽማ አንደኛ ነበር! ጆሮው ከሄደ በኋላ መቼም ከእጅ ሌላ ምን ነበረው?"

"ጆሮው ከሄደ?"

"አሥር ዓመት አልፎት የለም እንዴ? ምንም አይሰማም ነበር እኮ።" ፎርማን ወደ ወንድሟ ዞሩ። "አልነገርካትም?"

ወንድሟ መሬት መሬቱን ያያል። አክስቷ ነጠላቸውን ማስተካከል ጀመሩ። ባለሱቁ ባዶ ብርጭቆ አንስቶ ጠጣ።

"ተነስ!" አለችው ወንድሟን። እጁን ጎትታ ጓዳ አስገባችውና በሩን ዘጋች።

"አስምሎኝ ነው" አለ ገና ሳትጠይቀው። "ሥራ ላይ እያለ፣ ቢሮ ያሉት ካወቁ ያባርሩኛል አለ። ጡረታ ሲወጣ ደግሞ ደንቆሮ ሊሉኝ ነው አለ። ከሁሉ በላይ አንቺ እንዳትሰሚ ነበር የሚፈራው።"

"በየሳምንቱ በስልክ እናወራ አልነበር?"

"ድምፁን ከፍ አድርጌ እኔ እሰማለታለሁ። የፋብሪካውን ምልክት አስተምሮኛል፤ በእጄ እነግረዋለሁ። እሱ በአፉ ይመልሳል። ያልገባው እንደሆነ ጎሽ ይላል። አንቺ ስትመጪ ደግሞ ከንፈርሽን እያየ ይመልስልሻል።"

አባቷ መልስ ከመስጠቱ በፊት ሁልጊዜ ትንሽ ዝም ይል ነበር። ቃሉን የሚመዝን መስሏት ትኮራበት ነበር።

"አክስቴ ታውቃለች?"

"ታውቃለች።"

"ባለሱቁስ?"

"ያውቃል።"

"ታዲያ 'የሚሰማ ሰው ነበር' እያላችሁ የምታላግጡት በማን ነው?" በቡጢ ደረቱን መታችው። "አንድ ቃል! 'አይሰማም' ማለት ምላስ ይቆርጣል? የመጨረሻ የደወልኩ ቀን የት ገብተህ ነው?"

"ፀጉሬን ልቆረጥ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ብቻውን ሲስቅ አገኘሁት። ፎቶሽ ስልኩ ላይ ብቅ ሲል ለብቻው አንስቶታል። 'ያለ አንተ ቻልኩ! ደቂቃውን አየሁት፣ ብዙ አወራችኝ' አለኝ። ሰፈሩን እየዞረ ሲያወራ ሰነበተ። ከዚያ አንቺ ጠፋሽ። በየእሑዱ ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቅሻል። ብደውል አታነሺም፤ ምናባቷ፣ ኮርታብን ነው ብዬ እኔም ተውኩሽ።" ቀና ሳይል ጠየቃት፣ "ምን ነበር ያልሽው ያን ቀን?"

በእሱ ተናደደች፣ በአክስቷ ተናደደች፣ ከጆሮው ይልቅ ስሙ ባስጨነቀው አባቷ ተናደደች። ከሁሉ አብልጣ በራሷ ነደደች። ሬዲዮ ተብላ አድጋ፣ አንዲት ጥያቄ ከአፏ ማውጣት አቅቷት አሥራ አንድ ወር ያን ሽማግሌ ስልክ አሳቅፋ አስቀመጠችው! በሩን በርግዳ ወጣችና ፎርማን ፊት ቆመች።

"ማሽኑ ላይ ክር ሲበጠስ በእጃችሁ ምን ትላላችሁ?"

ፎርማን ለምን ብለው አልጠየቋትም። ሁለቱን አመልካች ጣቶቻቸውን አቆላለፉና ወደየጎኑ ሳቡ።

"ተበጠሰ፣ ድረሱልኝ ማለት ነው። ያየሽ ሰው መዳፉን ሁለቴ ደረቱ ላይ ይመታል። 'አየሁ፣ መጣሁ' ማለቱ ነው። አባትሽ ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ሆኖ እንኳ ያይ ነበር።"

ግድግዳው ላይ ወዳለው የአባቷ ፎቶ ሄደች። ጣቶቿን አቆላልፋ ልትስብ ስትል እጇ እምቢ አላት። ከኋላዋ ወንድሟ ከጓዳው ወጥቶ በሩ ላይ ቆሟል።

"ምን ነበር ያልሽው?" አለ በድጋሚ። አሁንም የሚያየው መሬቱን ነው።

ዞረች።

"ቀና በል!" ብላ ጮኸችበት። "ስነግርህ እየኝ!"

ቀና አለ። ጣቶቿን አቆላለፈች፣ ሳበች። ከዚያ መዳፏን ሆዷ ላይ አሳረፈች።

ፊቱ መጀመሪያ ምንም አልገባውም፤ ቆይቶ ገባው። እጁን አነሳና ደረቱን አንዴ መታ። ሁለተኛውን ለመምታት ጊዜ ወሰደበት። እሷ ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀችው።